ከልባሱ ሥር ያለው ብረት፦ ከባድ ጫና የሚሸከሙ የማሽን ክፍሎች ገጽ እንዴት እንደሚጠበቅ

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ንግግሬን በአንድ ዘንግ ልጀምር። በጥገና ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ከአንድ ከባድ የመቆፈሪያ ማሽን የወጣ የሃይድሮሊክ ፒስተን ዘንግ ተፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረበልኝ። በሃርድ ክሮም፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚለበጥ ጠንካራ የክሮሚየም ድርብ፣ የተለበጠ ስለነበር ከሩቅ ሲያዩት እንደ መስታወት ያበራል። ቀረብ ብዬ የአውራ ጣቴን ጥፍር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጎትትበት ግን አንድ ቦታ ላይ ጥፍሬ ያዘ። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ክሮሙ ከጠርዙ ተነሥቶ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጧል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ጠጠር በመታው ልክ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በአካባቢው የቀረውን ክሮም ውፍረት ስንለካው አዲስ ሳለ ከነበረው የጎደለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዘንጉ ዘይት ማፍሰስ የጀመረው ልባሱ ተበልቶ ስላለቀ ሳይሆን፣ ገና ሳይበላ ተሰብሮ ስለወደቀ ነበር።

የዘንጉን ታሪክ ስንከታተል የመጀመሪያው ዘንግ በመጉበጡ በሌላ ተተክቶ እንደነበር ደረስንበት። የተተኪው ብረት ሲመረመር በሙቀት ያልጠነከረ ተራ ብረት ሆኖ ተገኘ። ክሮሙን የለበጡት ሰዎች ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ውፍረቱም ጥንካሬውም በትእዛዙ ላይ እንደተጻፈው ነበር። ትእዛዙ ስለ ሥረኛው ብረት ግን አንድም ቃል አልነበረውም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከባድ ጫና በሚሸከም የማሽን ክፍል ላይ የልባሱን ዕድሜ፣ ከልባሱ ከራሱ ጥንካሬ ይበልጥ፣ ከሥሩ የሚደግፈው ብረት፣ ሁለቱ የተያያዙበት መስመርና ፊት ለፊት የሚገጥመው አካል ይወስኑታል።

ቃላቱን አስቀድሜ ልለይ። ጥንካሬ ስል አንድ ገጽ ስለታም ነገር ሲጫነው ላለመሰርጎድ ያለውን አቅም ማለቴ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የአልማዝ ጫፍ በታወቀ ክብደት ተጭኖ በሚተወው ምልክት ስፋት ተለክቶ በቪከርስ ቁጥር ይገለጻል። ስንጥቅ እንዳይስፋፋበት የመቋቋም አቅም ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ መስታወት በቀላሉ አይሰረጉድም፣ ነገር ግን በቀላሉ ይሰበራል። በወርክሾፕ አነጋገር ሁለቱም ‹ጠንካራ› ስለሚባሉ ብዙ ስሕተት ከዚህ ይነሣል። የገጽ ጥበቃም በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ እንደ ክሮም፣ እንደ ተረጨ ካርባይድ (ብረትና ካርቦን ተዋሕደው የሚሠሩት እጅግ ጠንካራ ውሕድ) ወይም እንደ ብየዳ ድርብ ከውጭ የሚጨመረው ነው። ሌላው ካርቦን ወይም ናይትሮጅን በሙቀት ወደ ብረቱ ገጽ እንዲሰርግ በማድረግ የራሱን የብረቱን ቆዳ የሚለውጠው ነው። ይህ ሁለተኛው በጥብቅ አነጋገር ልባስ አይባልም፤ ሆኖም ጫናው ሲከብድ የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስለማይቆም ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ስለ መበላት በቁጥር ለማሰብ የሚያስችለው ቀላሉ መንገድ እንግሊዛዊው ጆን አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረበው ሕግ ነው። ሁለት ገጾች ሲፋተጉ ተፍቆ የሚጠፋው መጠን ጫናው ሲከብድና የተንሸራተቱበት ርቀት ሲረዝም በዚያው ልክ ያድጋል፤ የሚበላው ገጽ ጥንካሬ ሲጨምር ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ፊት አንድ አባዢ ቁጥር ይቆማል፤ የሁለቱን ገጾች ጠባይ፣ የዘይቱን ሁኔታና በመካከላቸው የገባውን ቆሻሻ ሁሉ ጠቅልሎ የያዘው እርሱ ነው። ያለ ዘይት የሚፋተጉ ተመሳሳይ ብረቶችን ዘይት በሚገባ ከለያቸው ገጾች ጋር ስናነጻጽር ይህ ቁጥር በሺዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እጥፍ ይለያያል። ጥንካሬን ግን ከተራ ብረት ተነሥተን እስከ ካርባይድ ብናደርሰው የምናገኘው ጭማሪ አሥር እጥፍ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ የጥሩ ልባስ ዋና ጥቅም ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ብረት ከብረት ጋር እንዳይጣበቅ በማድረግ ያንን አባዢ ቁጥር ራሱን ዝቅ ማድረጉ ጭምር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካታሎግ ሲያነብ ዓይኑ ወደ ቪከርስ አምድ ብቻ ይሄዳል።

የአርቻርድ ሕግ ሳይናገር የሚገምተው ነገር አለ፤ ገጹ ቀስ በቀስ ይፋቃል እንጂ ተገንጥሎ አይወድቅም ብሎ ያስባል። የእኛ ዘንግ ያፈረሰው ይህንን ግምት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከአርቻርድ 70 ዓመት ገደማ ወደኋላ፣ ኋላ በሬዲዮ ሞገድ ምርምሩ ስሙ ወደ ገነነው ጀርመናዊ ወደ ሃይንሪሽ ሄርትዝ መመለስ ያስፈልጋል። ሄርትዝ ተጫጭነው የተቀመጡ የመስታወት ሌንሶች በብርሃን ጥናት ላይ የሚያሳዩትን ጠባይ ሲያስብ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 በወጡ ጽሑፎቹ፣ ሁለት ጥምዝ አካሎች ሲጫኑ በእርግጥ የሚነካኩት በነጥብ ወይም በመስመር ሳይሆን በጥቂቱ ተለምጠው በሚፈጥሩት ጠባብ ስፍራ መሆኑን አስልቶ አሳየ። የኩሽኔታ ኳሶችና ሮለሮች፣ የማርሽ ጥርሶች፣ የካም ሻፍት አፍንጫዎች ሁሉ ጫናቸውን የሚያስተላልፉት በዚህ ዓይነት ጠባብ ስፍራ ነው። ስፍራው ጠባብ በመሆኑም ግፊቱ ይገዝፋል፤ በሥራ ላይ ባለ ኩሽኔታ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ጊጋፓስካል መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጊጋፓስካል ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 100 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደማስቀመጥ ነው።

ከሄርትዝ ስሌት ውስጥ ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የግፊቱ መጠን ሳይሆን ጉዳቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው። አንዱን የብረት ድርብ በሌላው ላይ ሊያንሸራትት የሚሞክረው ውጥረት ከፍተኛ የሚሆነው ገጹ ላይ አይደለም፤ ከገጹ ሥር ነው። ሁለት ሲሊንደሮች በመስመር ሲገናኙ፣ ከፍተኛው ውጥረት የሚገኘው ከመገናኛው ስፋት ግማሽ 0.78 እጥፍ በሆነ ጥልቀት ላይ ሲሆን፣ መጠኑም ከትልቁ ግፊት 30 በመቶ ያህል ነው። በምሳሌ እንየው። የመገናኛው ስፋት ግማሽ 0.3 ሚሊሜትር፣ ትልቁ ግፊት 1.5 ጊጋፓስካል ይሁን። ከፍተኛው የማንሸራተት ውጥረት 450 ሜጋፓስካል (1000 ሜጋፓስካል አንድ ጊጋፓስካል ነው) ይሆንና 0.23 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ይቀመጣል። ተራ ብረት ሲሳብ በ350 ሜጋፓስካል ላይመለስ የሚለመጥ ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን የማንሸራተት ውጥረት የሚችለው እስከ 200 ሜጋፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ ከውስጥ ይለመጣል፤ ገጹ ላይ ያለው ልባስ ይህን ሊያስቆም አይችልም።

አሁን በዚያ ብረት ላይ 3 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ያለው፣ ከ2000 ቪከርስ በላይ የሚለካ የታይታኒየም ናይትራይድ ልባስ እናስቀምጥ። ወርቃማ ነው፣ ያምራል፣ በመቁረጫ መሣሪያዎች ላይም ድንቅ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን አደገኛው ውጥረት ያለበት ጥልቀት የልባሱን ውፍረት ከ70 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ውጥረቱ ልባሱን ከነመኖሩም አያውቀውም ለማለት ይቻላል። ሥረኛው ብረት ሲሰረጉድ ልባሱ አብሮ ሊለመጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በጭቃ ላይ የተነጠፈ የሴራሚክ ንጣፍ እንደማለት ነው፤ ሴራሚኩ ጠንካራ ስለሆነ ጭቃው አይጠነክርም። ተሰንጥቆ የወጣው ስብርባሪ ደግሞ ከብረቱ እጅግ የጠነከረ አሸዋ ሆኖ በሁለቱ ገጾች መካከል ይፈጫል፤ በዚህን ጊዜ የተለበጠው ክፍል ካልተለበጠው ቀድሞ ሲሞት ማየት የተለመደ ነው። ከባድ ጫና ባለበት ቦታ ላይ ቀጭን ልባስ ያለ ድጋፍ ከማዘዝ ምንም ሳይለብጡ መተው ይሻላል ብዬ በግልጽ የምናገረው ለዚህ ነው።

ድጋፉ የሚገኘው የብረቱን ቆዳ ራሱን በማጠንከር ነው። በካርበራይዚንግ ብረቱ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሎ ካርቦን ከጠጣ በኋላ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጠንካራ ቆዳ ያገኛል፤ ያ ጥልቀት በምሳሌያችን ያየነውን 0.23 ሚሊሜትር በውስጡ ይይዘዋል። ናይትራይዲንግ ደግሞ በ500 እና በ550 ዲግሪ መካከል ስለሚከናወን የክፍሉን ቅርጽ ብዙም ሳያዛባ፣ ለዚያ ተብለው በተሠሩ ብረቶች ላይ 1000 ቪከርስ አካባቢ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ቆዳው ግን ከካርበራይዚንጉ የሳሳ ነው። ቀጭኑ ልባስ በዚህ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ጫናውን ብረቱ ይሸከማል፣ ፍትጊያውን ልባሱ ይከላከላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ጉዳይ አለ። ካርበራይዝ የተደረገ ማርሽ መጨረሻ ላይ የሚረጋጋው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። ያንን ማርሽ ወስደን 450 ዲግሪ በሚጠይቅ የልባስ ምድጃ ውስጥ ብንከተው፣ በብዙ ድካም ያጠነከርነውን ቆዳ በአንድ ጊዜ አልስልሰን እናወጣዋለን። እንደ አልማዝ ያለ ካርቦን የሚባለው ልባስ ለማርሽና ለናፍጣ መርጫ ክፍሎች የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ከ200 ዲግሪ በታች መለበጥ መቻሉ ነው፤ ሌላው ምክንያት ሰበቃው ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በሥራ ላይ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ በሚሄድበት ቦታ ግን ይህ ልባስ ጠባዩን መለወጥ ስለሚጀምር አይታመንም።

ወፍራም ልባሶች ጉዳያቸው የተለየ ነው። የተንግስተን ካርባይድና የኮባልት ዱቄት በጋዝ ነበልባል በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ተወርውሮ ብረቱ ላይ ሲለጠፍ፣ ከ100 እስከ 300 ማይክሮን ውፍረትና ከ1000 ቪከርስ በላይ ጥንካሬ ያለው እምብዛም ቀዳዳ የሌለው ልባስ ይገኛል። ፍጥነቱ የሚፈለገው ሙቀቱን ለመቆጠብ ነው፤ በሌላው የመርጫ ዘዴ፣ እምብርቱ ከ10,000 ዲግሪ በሚያልፍ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በጋለ ጋዝ) ውስጥ ካርባይዱ ካርቦኑን እያጣ ተሰባሪ ይሆናል። ይህ ልባስ በአውሮፕላን የማረፊያ እግሮች ላይ ክሮምን ሲተካ ቆይቷል። ነገር ግን ወደ ምሳሌያችን እንመለስና የልባሱን ውፍረት ከጥልቀቱ ጋር እናስተያየው። ልባሱ 230 ማይክሮን ቢሆን፣ ትልቁ ውጥረት በትክክል የሚያርፈው ልባሱና ብረቱ በተያያዙበት መስመር ላይ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው አካል ደካማው ቦታ ነው። እርግጥ የካርባይዱ ግትርነት ከብረቱ ስለሚለይ ስሌቱ ጥቂት ይዛነፋል፤ ሐሳቡ ግን አይለወጥም። ውፍረት በልምድ ወይም በዋጋ የሚመረጥ ነገር አይደለም። የመገናኛውን ስፋት ሳያሰላ ውፍረት የሚጽፍ መሐንዲስ ሳያውቅ ስንጥቁን ራሱ እየነደፈው ሊሆን ይችላል። በሚንከባለል ክፍል ላይ የተረጨ ልባስን በታላቅ ጥንቃቄ የማየውም ለዚህ ነው፤ በሚንሸራተት ዘንግ ላይ ግን ያለ ስጋት እመክረዋለሁ።

ስለዚያ መስመር ጥቂት ልቆይ። አንድ የተላጠ ካርባይድ ልባስ ቆርጠን፣ አለስልሰን በማይክሮስኮፕ ስንመለከት፣ ከላይ ግራጫው ልባስ፣ ከታች ነጣ ያለው ብረት ይታያል። በመካከላቸው መኖር ያለበት እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሁለቱ እርስ በርስ የተቆላለፉበት ጠርዝ ነው። በዚያ ናሙና ላይ ግን እዚህም እዚያም ጥቁር ማዕዘናማ ቅንጣቶች ተሰክተው አየን፤ ብረቱን ለማሻከር የተረጨው አልሙኒየም ኦክሳይድ ስብርባሪ ነበር። ስንጥቁ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እየዘለለ ተጉዟል። የተረጨ ልባስ በዋናነት የሚይዘው በመቆላለፍ ስለሆነ መሻከሩ ግድ ነው፤ ግን ያረጀና የተሰባበረ አሸዋ ደጋግሞ መጠቀም፣ ወይም የተሻከረውን ገጽ ለሰዓታት አየር ላይ አቆይቶ እንዲዝግ ማድረግ፣ ወይም በእጅ ነክቶ የጣት ቅባት መተው መስመሩን ያደክመዋል። እነዚህ ስሕተቶች ልባሱ በተሠራበት ቀን በዓይን አይታዩም።

ክሮም የራሱ የሆነ ሌላ ጣጣ አለው። በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፤ ብርቱ በሆነ ብረት ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅኑ ሳይታሰብ የሚሰብር መርዝ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ከተለበጠ በኋላ ሳይዘገይ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ባለ ምድጃ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት መቆየት አለበት። በተጨማሪም ክሮሙ በተፈጥሮው በጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላና ተወጥሮ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ተመላላሽ ጫና የሚሸከም ዘንግ የድካም ዕድሜ (ጫናው እየተመላለሰ እስኪሰብረው የሚቆይበት ጊዜ) በልባሱ ምክንያት ሊያጥር ይችላል። ከመለበጡ በፊት ገጹን በጥቃቅን የብረት ኳሶች መቀጥቀጥ ብረቱን ወደ ውስጥ ስለሚያጨናንቀው ይህን ጉዳት በብዙ ያካክሳል። መለበጫው ስድስት ቫለንት ክሮሚየም ካንሰር አምጪ በመሆኑም በአውሮፓ ኅብረት ለዚሁ መለበጫ የሚውለው ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ተደርጓል። የሠራተኛው ሳንባ ከዘንግ ሁሉ ስለሚበልጥ ይህን እርምጃ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

አፈርና ማዕድን በሚያጓጉዙ ማሽኖች ላይ ጠላቱ ኳርትዝ፣ ማለትም የተለመደው የአሸዋ ማዕድን፣ ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ 1100 ቪከርስ ገደማ ነው፤ በሙቀት የጠነከረ ብረት ከ700 እና ከ800 ብዙም ስለማያልፍ አሸዋ ይቧጭረዋል። የገጹ ጥንካሬ ከአሸዋው ሲያልፍ የመበላቱ ፍጥነት በድንገት ይወርዳል። የካርባይድ ቅንጣት ከ2000 ቪከርስ በላይ ስለሆነ በኳርትዝ አይደፈርም፤ ቅንጣቶቹን አቅፎ የያዘው ኮባልት ግን ልስልስ ነው። አሸዋው በቅንጣቶቹ መካከል መግባት የሚችል ያህል የደቀቀ ከሆነ አቃፊውን እየፈለቀቀ ያወጣዋል፤ መሠረቱን ያጣው ቅንጣትም ሳይበላ ተነቅሎ ይወድቃል። ስለዚህ ለደቃቅ አሸዋ ጥቅጥቅ ብለው የተቀመጡ ደቃቅ ካርባይዶች፣ ለሚመታ ትልቅ ድንጋይ ደግሞ አቃፊው የበዛ፣ ስንጥቅን የሚቋቋም ልባስ ያስፈልጋል። ክሮሚየም ካርባይድ በሞላው የብየዳ ድርብ ላይ የሚታዩት ተሻጋሪ ስንጥቆች አንዳንድ ተቆጣጣሪዎችን ያስደነግጣሉ፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ውጥረቱን የሚያስተነፍስባቸው ስለሆኑ በመፋተጊያ ሳህኖች ላይ ጉድለት ተደርገው አይቆጠሩም። ተመላላሽ ጫና በሚሸከም ሻፍት ላይ ግን እነዚያው ስንጥቆች ሊፈቀዱ አይገባም።

ፊት ለፊት የሚገጥመውን አካል ረስተን ስለ መበላት መናገር አንችልም። የተረጨ ካርባይድ ሳይለሰልስ ሥራ ላይ ከዋለ እንደ ሞረድ ሆኖ የገጠመውን የጎማ ሲል (የዘይት ማገጃ) ወይም የነሐስ ቡሽ ይበላል፤ ዘንጉ ሲለካ ግን ምንም አልጎደለውም። በአልማዝ ድንጋይ ተለስልሶ ሻካራነቱ ወደ 0.2 ማይክሮንና ከዚያ በታች ሲወርድ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አንዳንድ ጊዜም መፍትሔው ልስልስ ልባስ ነው። አይዛክ ባቢት እ.ኤ.አ. በ1839 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የቆርቆሮ (ቲን) ቅይጥ፣ ዛሬም በሞተር ብሮንዚና ላይ የሚለበጡት ከ20 ማይክሮን ያልራቁ ልስልስ ድርቦች፣ ክራንክ ሻፍቱን የሚያድኑት በመሸነፍ ነው፤ ዘይቱ ያመጣውን ቆሻሻ ውጠው ይቀብሩታል። ቀጭን በመሆናቸው ከሥራቸው ያለው ጠንካራ ቅይጥ ይደግፋቸዋል። እዚህም ቢሆን ሸክሙ ያለው ሥረኛው ላይ ነው።

ፈተናዎችን በተመለከተ፣ የትኛውንም ውጤት ስታነቡ ጫናውን እዩ እላለሁ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ጂ65 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅት ፈተና ደረቅ የኳርትዝ አሸዋን በናሙናውና በጎማ በተለበጠ መንኮራኩር መካከል ያፈሳል፤ በከባዱ ዘዴ 130 ኒውተን ጫና ለ6000 ዙር ይሰጠዋል። ለንጽጽር ጥሩ ነው፤ ግን ጎማው ስለሚለመጥ የአሸዋው ፍሬ አይደቅም። ድንጋይ በሚፈጭ ማሽን ውስጥ ፍሬው በሁለት ብረቶች መካከል ተሰባብሮ አዲስ ስል ስለሚያወጣ፣ በዚህ ፈተና አንደኛ የወጣ ልባስ እዚያ አንደኛ ላይሆን ይችላል። የመጣበቅ ፈተናም እንዲሁ ነው፤ ልባሱ በማጣበቂያ ተይዞ ሲሳብ ማጣበቂያው ራሱ 70 ሜጋፓስካል አካባቢ ላይ ስለሚለቅ፣ ‹ከ70 በላይ› የሚለው ውጤት ማጣበቂያው መበጠሱን እንጂ ልባሱ ምን ያህል እንደሚይዝ አይነግረንም።

ወደ ዘንጋችን ልመለስ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ በሙቀት የጠነከረ ቅይጥ ብረት ተመረጠ፤ ገጹም ክሮሙ ከመለበጡ በፊት በኢንዳክሽን፣ ማለትም ገጹ ብቻ በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ በማድረግ፣ እንዲጠነክር ተደረገ። በትእዛዙ ቅጽ ላይም ከዚያ ቀደም ያልነበሩ መስመሮች ጨመርን፤ የሥረኛው ብረት ዓይነት፣ የጠነከረው ቆዳ ጥልቀት፣ ከመለበጡ በፊት የሚኖረው ሻካራነት፣ ከለሰለሰ በኋላ የሚቀረው ውፍረትና የሚገጥመው አካል ምንነት የሚጻፍባቸው ነበሩ። በክሮሙ ላይ የነበረው መመሪያ በአንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም። ዘንጉ በቀጣዩ ትልቅ ጥገና ሲፈታ ጥፍሬን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎተትኩበት። ጠጠር የመታባቸው ሁለት ደብዛዛ ነጥቦች ነበሩ፤ በዙሪያቸው ያለው ክሮም ግን በማጉያ መነጽር ሲታይም ከጠርዙ አልተነሣም ነበር።